አግዳሚ ወንበሩን አስቀድማችሁ ፈልጉ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ግሪፊዝ ፓርክ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። እዚያ የእንጨት ፈረሶች የተደረደሩበት፣ በሙዚቃ የሚሽከረከር አሮጌ የልጆች መጫወቻ ይገኛል። ዋልት ዲዝኒ ቅዳሜ ሲሆን ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ወደዚህ ይመጣ ነበር። ልጆቹ ፈረሱ ላይ ወጥተው ሲዞሩ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ ይጠብቃቸዋል። ልጅ ሲጫወት ወላጅ ዳር ሆኖ ከሚጠብቅ፣ ሁሉም አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ቢኖርስ የሚለው ሐሳብ የመጣለት በዚያ ወንበር ላይ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። ጁላይ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ የተከፈተው ዲዝኒላንድ የዚያ ሐሳብ ፍሬ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያንን ወንበር ያስታወሰችኝ እናቴ ናት። የመጨረሻ ልጃችን ሲወለድ አራስ ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ መጣች። ልትመለስ አንድ ወር ሲቀራት ልጆቹ «አያታችን ሳትሄድ» ብለው ስለወተወቱን፣ ሦስት ቀን ቆርጠን ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ ወረድን። ስድስት ነበርን፤ የ72 ዓመቷ እናቴ፣ እኔና ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ የ6 ዓመት ልጅና የአምስት ወር ሕፃን። የመጀመሪያውን ቀን ዕቅድ ያወጣሁት በትልቁ ልጄ ጉልበት ልክ ነበር። በር ሲከፈት ገብተን ርችቱ እስኪተኮስ ስንዞር ዋልን። እናቴን በየሰዓቱ «ደከመሽ?» እላታለሁ። «ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ እናንተ ተጫወቱ» ትለኛለች። ሌሊት ልጆቹ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቶ አየሁ። እናቴ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያበጡ እግሮቿን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራለች።

በማግስቱ ዕቅዱን ከእሷ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ቀሪዎቹ ሁለት ቀናት እስከ ዛሬ በቤታችን የሚወሩት በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ይዞ አጭር ጉዞ የሚያስብ ቤተሰብ ከእኔ የመጀመሪያ ቀን እንዳይጀምር ቦታውን ላስተዋውቅ።

ብዙ ሰው «ዲዝኒ» ሲባል አንድ አጥር፣ አንድ በር ያለው ግቢ ይመስለዋል። ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ግን ራሱን የቻለ አገር ነው። ዋልት ዲዝኒን በካሊፎርኒያው ፓርክ የቆጨው ነገር የመሬቱ ጥበት ነበር፤ ሌሎች ነጋዴዎች አጥሩን ታክከው ሆቴልና ምግብ ቤት ሠርተው ከበቡት። ስለዚህ በ1964 እና በ1965 በመካከለኛው ፍሎሪዳ ረግረጋማ መሬት ሲገዛ፣ ሻጮቹ ገዢው እሱ መሆኑን አውቀው ዋጋ እንዳይሰቅሉ በተለያዩ ኩባንያዎች ስም ተደብቆ ነበር። የተገዛው መሬት ወደ 11,000 ሄክታር ይጠጋል፤ የአዲስ አበባን አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። ዋልት ግን ሥራውን ሳያየው ዲሴምበር 1966 አረፈ። ታላቅ ወንድሙ ሮይ ጡረታውን አቆይቶ ግንባታውን ከዳር አደረሰ። ቦታው ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ሲከፈት የወንድሙን ሙሉ ስም አስቀመጠበት፤ «ዲዝኒ ዎርልድ» ብቻ ሳይሆን «ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሮይ ራሱ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሞተ።

ዛሬ በዚህ መሬት ላይ አራት ዋና ዋና ፓርኮች አሉ። ማጂክ ኪንግደም የመጀመሪያውና ቤተ መንግሥቱ ያለበት ነው። ኤፕኮት በ1982 ተከፈተ፤ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የ11 አገሮች አደባባይ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ተሠርቶበታል። ሆሊውድ ስቱዲዮስ በ1989፣ አኒማል ኪንግደም ደግሞ በ1998 ተከተሉ። በአብዛኞቹ መካከል ያለው መንገድ በመኪና ወይም በአውቶቡስ እንጂ በእግር የሚሞከር አይደለም። ሦስት ቀን ይዞ አራቱንም ለማየት የሚነሣ ቤተሰብ መኪና ማቆሚያና በር ሲያይ ውሎ ይመለሳል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሦስት ትውልድ ይዞ ለሦስት ቀን የሚሄድ ሰው ሁለት ፓርክ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ቀን ማጂክ ኪንግደም፣ በሁለተኛው ቀን ዕረፍት፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አኒማል ኪንግደም። የመሃሉ ቀን ዕረፍት ብዙዎችን ያስቆጫል፤ «ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን ልንተኛ ነው ወይ?» ያሰኛል። ነገር ግን በማጂክ ኪንግደም በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ የተለመደ ነው። ልጆቹ በዕረፍቱ ቀን በሆቴሉ መዋኛ ሲዋኙ፣ አያት ጥላ ሥር ተቀምጠው ሕፃኑን ሲያጫውቱ፣ ያ ራሱ ጉዞው ነው። ትልልቅ ልጆች ብቻ ያሉት ቤተሰብ ሆሊውድ ስቱዲዮስን ቢጨምር አልቃወምም፤ እዚያ ለአያትና ለሕፃን የሚሆነው ጥቂት ስለሆነ እኔ ዘልዬዋለሁ።

ስለ ማጂክ ኪንግደም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እዚያ ስትራመዱ መሬት ላይ አይደላችሁም። የሠራተኞች መተላለፊያ ዋሻዎች ከእግራችሁ በታች ናቸው። ዋልት በካሊፎርኒያው ፓርክ የካውቦይ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ የወደፊቱን ዘመን በሚያሳየው መንደር መሃል አቋርጦ ሲያልፍ አይቶ ቅር ብሎት ነበር፤ ዋሻዎቹ የታሰቡት ለዚህ ነው። ፍሎሪዳ ላይ የከርሰ ምድር ውኃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ስለሆነ ወደ ታች መቆፈር አልተቻለም። ስለዚህ ዋሻዎቹ በመሬቱ ላይ ተሠርተው፣ ፊት ለፊት ያለው ሐይቅ ሲቆፈር የወጣው አፈር ለበሰባቸው። ጎብኚው የሚራመደው በፎቁ ላይ ነው። መንገዱ ሰፊና ደልዳላ በመሆኑ ዊልቸርም የሕፃን ጋሪም ያለ ችግር ይገፋል።

ችግሩ ያለው ከበሩ በፊት ነው። በመኪና የመጣ ሰው ማጂክ ኪንግደም ደጃፍ ላይ አያቆምም። ከሐይቁ ማዶ አቁሞ፣ ፍተሻ አልፎ፣ በሞኖሬይል ወይም በጀልባ ይሻገራል። ከመኪና ወርዶ ቤተ መንግሥቱ ፊት እስኪቆሙ ግማሽ ሰዓት፣ ሰው ሲበዛ ከዚያም በላይ ይፈጃል። የአያትን ጉልበት ስትቆጥሩ ከዚህ ጀምሩ። እኛ በሞኖሬይል ሄደን በጀልባ ተመለስን፤ ጀልባው ላይ ነፋስ አለ፣ እናቴም የቀኑን ደስታ ያወራችው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወረፋው እንምጣ። አጭር ጉዞን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ወረፋ ነው፤ ወረፋ ደግሞ የሚረዝመው መጫወቻው ስለሚወደድ ብቻ አይደለም፣ በሰዓት ስንት ሰው ማሳፈር እንደሚችል ይወስነዋል። ዳምቦ የሚባለውን የሚበር ዝሆን ውሰዱ። አንዱ ሽክርክሪት 16 ዝሆን አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሰው ቢቀመጥ በአንድ ዙር 32 ሰው ነው። ዙሩ ከነመውጫው ከነመግቢያው አራት ደቂቃ ቢወስድ በሰዓት ከ480 ሰው አይበልጥም። ሕዝቡን አልችል ብሎ በ2012 ሁለተኛ ሽክርክሪት የተጨመረለት ለዚህ ነው። ሆንትድ ማንሽን የሚባለው የመናፍስት ቤት ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። ጋሪዎቹ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ሳይቆሙ ይፈሳሉ፤ ሰው ከጋሪው እኩል በሚሄድ ወለል ላይ ተራምዶ ይቀመጣል። ማሽኑ ለማሳፈር ስለማይቆም በሰዓት ብዙ እጥፍ ሰው ያስተናግዳል። ወረፋው ረጅም መስሎ ቢታይም ይሄዳል።

ይህን የተረዳ ሰው ቀኑን በሁለት ይከፍለዋል። በር እንደተከፈተ ባለው አንድ ሰዓት ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዙትን መጫወቻዎች፣ ማለትም ዳምቦንና ፒተር ፓንን ይጨርሳል። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ብዙ ሰው የሚይዙት፣ ጣሪያ ያላቸውና የሚቀዘቅዙት ይጠብቁታል። ለአያት የሚሆኑትም አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። በመካከላቸው ሦስቱን ከሁሉ አስበልጣለሁ።

አንደኛው ካሩሰል ኦቭ ፕሮግረስ ነው። በ1964 ለኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ተሠርቶ፣ ካሊፎርኒያ ደርሶ፣ በ1975 ፍሎሪዳ የገባ ቲያትር ነው። መድረኩ መሃል ላይ ቋሚ ሲሆን የሚዞሩት ተመልካቾቹ ናቸው፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ይወሰዳሉ። ታሪኩ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ መብራት ቤታቸው ሳይገባ ጀምሮ እስከ ቅርቡ ዘመን ኑሯቸው እንዴት እንደተለወጠ ያሳያል። ሃያ ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ አየር ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። ልጆቼ እንደሚሰለቻቸው ገምቼ ነበር። እናቴ ግን የመጀመሪያውን ትዕይንት ስታይ ወደ ትልቁ ልጄ ጎንበስ ብላ፣ እሷ ልጅ ሳለች በኩራዝ ታጠና እንደነበር ትነግረው ጀመር። ስንወጣ ልጁ ኩራዝ ምን እንደሚመስል እየጠየቃት ነበር። በሦስቱ ቀን ካየነው ሁሉ ያ ሃያ ደቂቃ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው ፒፕልሙቨር ነው፤ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ በዝግታ የሚሄድ ሰማያዊ ባቡር። ጋሪዎቹ ሞተር የላቸውም፤ ሐዲዱ ላይ የተቀበሩ የኤሌክትሪክ ማግኔቶች ይገፏቸዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ነፋስ እየተቀበሉ የወደፊቱን ዘመን የሚያሳየውን መንደር ከላይ ማየት ነው። ማሳፈሪያው ስለሚንቀሳቀስ ግን አያትን በክንድ ደግፋችሁ አሳፍሩ። ሦስተኛው ኢትስ ኤ ስሞል ዎርልድ ነው፤ በሠዓሊዋ ሜሪ ብሌር ንድፍ የተሠሩ የዓለም ሕፃናት አሻንጉሊቶች በየቋንቋቸው ሲዘምሩ እያያችሁ በጀልባ ታልፋላችሁ። የዚህም መነሻ የ1964ቱ ትርኢት ነው። የአምስት ወር ልጃችን ሲያየው አፉን ከፍቶ ቀረ። በሆንትድ ማንሽን ላይ ግን አንድ ምክር አለኝ፤ መናፍስት የሚባል ነገር በጨዋታም ቢሆን የማይወዱ አያቶች አሉ። ጋሪው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ንገሯቸው።

ትልልቆቹ ልጆች የሚጠብቁት ፈጣኑን ባቡር ነው፤ እሱ ደግሞ የቁመት ገደብ አለው። የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር 97 ሴንቲ ሜትር፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን 122 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። በር ላይ የሚለካው ሠራተኛ ለእንባ አይራራም፤ ልክም ነው። ልጁን ቤት ውስጥ ለክታችሁ የሚገባበትንና የማይገባበትን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሕፃን ወይም ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለው። ራይደር ስዊች ይባላል። አንዱ ወላጅ ከትልቁ ልጅ ጋር ሲሰለፍ ሌላው ከሕፃኑ ጋር ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ሲወጣ ሁለተኛው ረጅሙን ወረፋ እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። ክፍያ የለውም፤ መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ መጠየቅ ብቻ ነው። አያት ካሉ ሕፃኑን እሳቸው ይያዙ ብሎ ሁለቱም ወላጆች እንዲገቡ የሚፈትን ሐሳብ ይመጣል። አንድ ጊዜ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ግን አያትን ሞግዚት አታድርጓቸው።

ገንዘብ ከፍሎ ወረፋ የሚያሳጥር መግቢያም አለ፤ ላይትኒንግ ሌን ይባላል። የሚገዛው በስልክ መተግበሪያ ሲሆን፣ በዲዝኒ ሆቴል የሚያርፉ ከሰባት ቀን በፊት፣ ሌሎች ከሦስት ቀን በፊት መያዝ ይችላሉ። ክፍያው በሰው ነው። ለሁሉም ከመግዛት ይልቅ ፈጣን ባቡር ለሚፈልገው ልጅና አብሮት ለሚገባው ወላጅ ብቻ፣ ያውም ለማጂክ ኪንግደሙ ቀን ቢገዛ ይበቃል። ዋናው ትኬት ራሱ ቀላል አይደለም፤ የአንድ ቀኑ ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ይንራል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም። 10 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል። ለአረጋውያን የተለየ ቅናሽ የለም። ነገር ግን ሁሉም ሰው እኩል ቀን መግዛት የለበትም፤ ለልጆቹ ሦስት ቀን፣ ለአያት ሁለት ቀን መግዛት ይቻላል። ትኬት የሚያገለግለው ለአንድ ሰው ብቻ ነውና «ቀን የተረፈው ትኬት አለኝ» ከሚል ሰው አትግዙ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት አኒማል ኪንግደም ነው። ሐራምቤ የምትባል በምናብ የተፈጠረች የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ አለች፤ ስሟ ከስዋሂሊ የተወሰደ ነው፣ በአንድነት መጎተት ማለት ነው። ግድግዳው የተላጠ፣ የሱቁ ጽሑፍ የደበዘዘ ተደርጎ ተሠርቷል። እናቴ ቆማ ካየችው በኋላ «ይሄማ ድሬዳዋን ይመስላል» አለች። ከዚያ ክፍት የጭነት መኪና ቀጭኔ፣ ዝሆን፣ አውራሪስና አንበሳ ወዳሉበት ሜዳ ይወስዳል። እንስሳቱ ሙቀት ሳይበረታ ስለሚንቀሳቀሱ ጠዋት መሄድ ይሻላል። መንገዱ ሆን ተብሎ ጎርባጣ የተደረገ ነው፤ ወገባቸውን የሚያማቸው አያት ይህን አውቀው ይግቡ። ከምሳ በፊት ጨርሳችሁ ብትወጡ ምንም አይቀርባችሁም።

መቼ መሄድ ይሻላል? ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው፣ በፋሲካና በማርች የትምህርት ዕረፍት ሰሞን ሕዝቡ መተላለፊያ ያሳጣል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲደርስ የበዓሉ ሕዝብ እየተበተነ ነው፤ ከማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል በኋላ ያሉት የጃንዋሪ ቀናት አየሩም ለአያት የሚስማማ፣ ወረፋውም የሚታገሡት ነው። ጠዋት ስለሚበርድ ሹራብ ያዙ። የእንቁጣጣሽ ሰሞንም ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ሰው ይሳሳል፤ ሙቀቱ ግን ገና አይበርድም፣ የአውሎ ነፋሱ ወቅትም እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይዘልቃል። ከጁን እስከ ኦገስት የሚሄድ ቤተሰብ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዶፍ እንደሚኖር አውቆ ይነሣ። በዚያን ጊዜ ክፍት ቦታ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ።

ለቨርጂኒያ፣ ለሜሪላንድና ለዲሲ ሰው አንድ የተለየ መንገድ አለ። ከዲሲ በስተደቡብ ካለችው ሎርተን የሚነሣው የአምትራክ አውቶ ትሬን ሰውንም መኪናውንም ጭኖ፣ ሌሊቱን ተጉዞ በማግስቱ ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ያደርሳል። 1,370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና 13 ሰዓት ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ላልቻለ አያት፣ በባቡር ውስጥ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ትልቅ ነገር ነው። የሕፃኑ መቀመጫና የወጥ ዕቃውም በገዛ መኪናችሁ ይደርሳል።

ወጥ ዕቃ ያልኩት በምክንያት ነው። ከዲዝኒ በስተደቡብ በኪሲሚ አካባቢ ማድ ቤት ያላቸው ሙሉ ቤቶች ለአጭር ጊዜ ይከራያሉ። ለስድስት ሰውና ከዚያ በላይ ሁለት የሆቴል ክፍል ከመያዝ ይህ ይመቻል፤ ማታ ሽሮ ሠርቶ፣ ቡና አፍልቶ መቀመጥ ይቻላል። ወደ ፓርኩም ምግብ ይዞ መግባት አይከለከልም፤ የተከለከለው አልኮልና የጠርሙስ ዕቃ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተጠቀለለ ፍርፍር በፕላስቲክ ዕቃ ይገባል። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች ቀዝቃዛ ውኃ በነፃ በኩባያ ይሰጣሉ፤ መግዛት አያስፈልግም። ኦገስት ከሄዳችሁ ፍልሰታ ይገጥማችኋል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለባቸው ምግቦች በዝርዝሩ ላይ የቅጠል ምልክት ስላላቸው የጾመኛ አያት ምሳ አያሳስባችሁም። በአኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚገኘው ቦማ የአፍሪካ ምግቦች የሚቀርቡበት ቡፌ ነው፤ ከ60 ቀን በፊት ቦታ ማስያዝ ይቻላል።

የአያት መድኃኒት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን። በየፓርኩ የመጀመሪያ ርዳታ ጣቢያ አለ፤ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ኢንሱሊን ያስቀምጡላችኋል። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡ ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የጤና ዋስትና ስለሌላቸው፣ የጎብኚ ዋስትና ሳትገዙላቸው አትንቀሳቀሱ። እንግሊዝኛ ለማይናገሩት የእናንተን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡ። ቢጠፋፉ ስሙ በደረቱ ላይ ለተጻፈ ሠራተኛ ማሳየት ይበቃቸዋል። ስለ ርችቱም አስቡ። ቤተ መንግሥቱ ሥር ሲተኮስ ድምፁ ይከብዳል፤ ጦርነት ያዩ፣ ተኩስ ሰምተው ያደሩ ወላጆች ባልጠበቁት ሰዓት ቢሰሙት ይደነግጣሉ። ከሐይቁ ማዶ፣ ከጀልባ መሳፈሪያው ሆናችሁ ብታዩት ብርሃኑ ሳይቀንስ ድምፁ ይለዝባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። የእኛ እናቶችና አባቶች «ደከመኝ» አይሉም። የልጆቻቸውን ወጪ አይተዋል፣ የልጅ ልጆቻቸውን ደስታ አይተዋል፣ ጨዋታው የሚቆምበት ምክንያት መሆን አይፈልጉም። «እኔ ዕቃ ልጠብቅላችሁ» ካሉ መቀመጥ እንደፈለጉ ዕወቁ። ዊልቸር ልከራይልሽ ብላት እናቴ «ገና እግሬ አልከዳኝም» ነበር ያለችው። በሁለተኛው ጊዜ ሳልጠይቃት ተከራየሁና የሕፃኑን ቦርሳ ጫንኩበት፤ ከቀትር በኋላ ቦርሳውን አንሥታ ራሷ ተቀመጠችበት። ዊልቸር ወረፋ አያሳጥርም፤ በአብዛኞቹ መጫወቻዎች እንደማንኛውም ሰው ተሰልፈው ይገባሉ። መቆምን ግን ያስቀራል። የሚከራየው በር ላይ ሲሆን ቀድሞ ለመጣ ነው የሚሰጠው።

ከጉዞው አስቀድማችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። የትኛው መጫወቻ ለእድሳት እንደተዘጋ እዩ፤ ሁልጊዜ የሚዘጋ አይጠፋም። ከዚያም አንድ ቅዳሜ ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር በሰፈራችሁ በእግር ውጡ። አትጠይቋቸው፣ ሰዓት ብቻ ያዙ። በዓይናቸው መቀመጫ መፈለግ የጀመሩበትን ደቂቃ ጻፉት። ትኬቱን ከዚያ በኋላ ግዙ።